ከችሎቱ ብቻቸውን የተለዩት ዳኛ

በጥር ወር 1968 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከኒውዮርክ የመጣ አንድ አስከሬን በአሜሪካ የሳውዝ ካሮላይና ግዛት፣ ቻርልስተን ከተማ፣ ማግኖሊያ በተባለው መካነ መቃብር አረፈ። ሟቹ ለከተማዋ እንግዳ አልነበሩም። ቤተሰባቸው ለስምንት ትውልድ በቻርልስተን የኖረ፣ ስሙ ከከተማዋ ታሪክ ጋር የተቆራኘ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት የከተማዋ ታላላቅ ነጮች ጥቁር ለብሰው መውጣታቸው ወግ ነበር። የዚያን ቀን ግን ከመቃብሩ ዙሪያ የቆሙት ሁለት መቶ ያህል ጥቁሮች ናቸው፤ ነጮቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

የተቀበሩት ጁሊየስ ዌይቲስ ዋሪንግ ናቸው። አሥር ዓመት የፌዴራል ዳኛ ነበሩ። የሠሩበት ፍርድ ቤት ምስክር የሚሰማበት፣ ማስረጃ የሚመረመርበት፣ ጉዳዩ ገና ትኩስ ሆኖ የሚቀርብበት የአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤቶች የመጀመሪያው እርከን ነው። ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ወደ ላይ ሲወጣ ምን ይዞ እንደሚወጣ የሚወሰነው ከታች ባለው ችሎት ነው። የዋሪንግ ታሪክም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እስከ ስልሳ ዓመታቸው ድረስ ሕይወታቸው ይህ ነው የሚባል አስገራሚ ነገር አልነበረበትም። ሐምሌ 27 ቀን 1880 ተወለዱ። አባታቸው በእርስ በርስ ጦርነቱ ለደቡቡ ወገን የተዋጉ ናቸው። ዋሪንግ በ1900 ከቻርልስተን ኮሌጅ ተመርቀው፣ በዘመኑ እንደተለመደው በጠበቃ ቢሮ ሆነው ሕግ አጥንተው፣ በሃያዎቹ ዕድሜያቸው መጀመሪያ ላይ የጥብቅና ፈቃድ አገኙ። በ1914 የፌዴራሉ ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። እስከ 1921 ከሠሩ በኋላ ዋይት ሐውስ በሪፐብሊካኖች እጅ ሲገባ ወደ ግል ጥብቅናቸው ተመለሱ። በ1933 ደግሞ የቻርልስተን ከተማ ነገረ ፈጅ ሆኑ፤ በዚህ ሥራም እስከ ዳኝነት ሹመታቸው ቆዩ። የከተማው ከንቲባ በርኔት ሜይባንክ ወዳጃቸው ነበሩ።

ዋሪንግ የፖለቲካውንም በር ያውቁታል። በ1938 የግዛቲቱ አንጋፋ ሴናተር ኤሊሰን ስሚዝ ለድጋሚ ምርጫ ሲወዳደሩ በቻርልስተን ቅስቀሳውን ከመሩት አንዱ ዋሪንግ ነበሩ። ስሚዝ ማን እንደሆኑ ለመረዳት አንድ ነገር ይበቃል። በ1936 ፊላዴልፊያ በተካሄደው የዴሞክራቲክ ፓርቲ ጉባኤ ላይ አንድ ጥቁር ፓስተር ጸሎት እንዲያደርሱ ሲጋበዙ አዳራሹን ጥለው ወጥተዋል። የ1938ቱ ቅስቀሳቸውም በነጭ የበላይነት ላይ የቆመ ነበር። ዋሪንግ እንግዲህ የእኚህን ሰው ቅስቀሳ ይመሩ ነበር፤ ለዚህም ሲሉ ከማንም ጋር አልተጣሉም፣ እንቅልፍም አላጡም።

አንባቢ እንደሚያውቀው በእኛ አገር ብዙ ዳኞች ከሕግ ትምህርት ቤት ወጥተው፣ የዳኝነት ሥልጠና ወስደው በወጣትነታቸው ችሎት ላይ ይቀመጣሉ። በአሜሪካ የፌዴራል ዳኝነት እንዲህ ያለ ደረጃ በደረጃ የሚወጣበት መሰላል የለውም። ፈተናም የለውም። ዕጩው ለብዙ ዓመታት በጥብቅና፣ በዐቃቤ ሕግነት ወይም በግዛት ዳኝነት ይቆያል። ፕሬዚዳንቱ ያጩታል፤ ሴኔቱ ያጸድቀዋል። በተግባር ግን በዚያ ዘመን የመጀመሪያው ቃል የግዛቲቱ ሴናተሮች ነበር፤ እነሱ ያልፈለጉት ሰው አያልፍም። በ1941 ዕጩው ሲመረጥ የሳውዝ ካሮላይና ሴናተሮች እነማን ነበሩ? አንደኛው ኤሊሰን ስሚዝ፣ ሁለተኛው ደግሞ የቀድሞው ከንቲባ ሜይባንክ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በታኅሣሥ 1941 ዋሪንግን አጩ፤ ሴኔቱ በጥር 1942 አጸደቀ። ዋሪንግ የ61 ዓመት ሰው ነበሩ። ወንበሩን ያገኙት ሥርዓቱን ስለነቀፉ ሳይሆን አብረውት ስለኖሩ ነው።

ያገኙት ወንበር ግን የሌላውን ሹመት አይመስልም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የፌዴራል ዳኛ በመልካም ጠባይ እስካገለገለ ድረስ በሥራው እንደሚቆይ፣ ደመወዙም እንደማይቀነስ ይደነግጋል። በጊዜው ደመወዛቸው በዓመት 10,000 ዶላር ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሚዝም ሆኑ ሜይባንክ፣ ገዥውም ሆነ የግዛቲቱ ምክር ቤት ሊያነሷቸው አይችሉም። ማንሳት የሚችለው የፌዴራሉ ኮንግረስ ብቻ ነው፤ ያውም በክስ።

የመጀመሪያው ምልክት የታየው በመምህራን ደመወዝ ጉዳይ ነው። በቻርልስተን ጥቁር መምህራን ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፈላቸው ከነጮቹ እጅግ ያነሰ ነበር። በ1944 ጉዳዩ ዋሪንግ ፊት ቀረበ፤ የከሳሾቹ ጠበቃ ቱርጉድ ማርሻል ነበሩ። ማርሻል በደቡብ ችሎቶች የለመዱትን ፊት ጠብቀው ነበር የገቡት። ዳኛው ግን ክርክሩን አላስረዘሙትም። የበላይ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1940 በቨርጂኒያ መምህራን ጉዳይ ሕጉን ቆርጦ አስቀምጦታልና የሚቀረው መፈጸም ብቻ ነው በሚል ለመምህራኑ ወሰኑላቸው። እዚህ ላይ ጀግንነት የለም፤ ሕጉን ማንበብ ብቻ ነው። ችግሩ በዚያ አካባቢ ሕጉን እንደተጻፈ ማንበብ ራሱ ብርቅ መሆኑ ነበር።

በ1945 የከተማዋን ሳሎኖች ያናወጠ ሌላ ነገር መጣ። ዋሪንግ ከሠላሳ ዓመት በላይ አብረዋቸው ከኖሩት ከወይዘሮ አኒ ጋር ተፋቱ። ሳውዝ ካሮላይና ያን ጊዜ ፍቺን በሕግ አትፈቅድም ነበርና ጉዳዩ ያለቀው ፍሎሪዳ ሄዶ ነው። ወዲያውም ሁለት ጊዜ ፈተው የነበሩትን የሰሜን ተወላጇን ኤልዛቤትን አገቡ። ቻርልስተን ይህን ይቅር አላለችም። በኋላ ዳኛው በሰጧቸው ፍርዶች ሁሉ ላይ የከተማዋ ትርጓሜ ይኸው ሆነ፤ ሰውዬው በፍቺው ምክንያት ስለተገለሉ ከተማዋን እየተበቀሉ ነው ተባለ። ይህ ወሬ እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ ይነሳል። ቀኖቹን ላስተያየ ሰው ግን አይገጥምም፤ የመምህራኑ ውሳኔ ከፍቺው በፊት የተሰጠ ነውና። እርግጥ ነው፣ ከአሮጌው ክበብ መውጣታቸው ቀጥሎ ያለውን መንገድ ሳያቀልላቸው አልቀረም። የሚያጡት ወዳጅ አስቀድሞ ሄዷል።

ዋሪንግን የለወጣቸው ግን የአንድ ወታደር ጉዳይ ነው። የካቲት 12 ቀን 1946 ሳጅን አይዛክ ውዳርድ ከጦሩ ተሰናብቶ፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ በአውቶቡስ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር። ለመጸዳዳት እንዲቆምለት ሹፌሩን በመጠየቁ ተጣሉ። ቤትስበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ሹፌሩ ለፖሊስ አሳልፎ ሰጠው። የፖሊስ አዛዡ ሊንዉድ ሻል በዱላ ደበደበው፤ ሁለት ዓይኖቹም ጠፉ። ከዓለም ጦርነት በደኅና የተመለሰ ወታደር በገዛ አገሩ ታወረ። ነገሩ በሬዲዮና በጋዜጣ አገር ምድሩን አዳረሰ፤ ፕሬዚዳንት ትሩማን ዘንድም ደረሰ። የፌዴራል መንግሥት አዛዡን ከሰሰ፤ ጉዳዩም በኅዳር 1946 ኮሎምቢያ ከተማ በዳኛ ዋሪንግ ችሎት ተሰማ።

ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ያቀረበው በግማሽ ልብ ነበር። የጁሪው አባላት ሁሉም ነጮች ናቸው። ዋሪንግ ጁሪው ወዲያው ነጻ ብሎ እንደሚመለስ ስለገባቸው ለጥቂት ጊዜ ከፍርድ ቤቱ ወጥተው መንገድ ላይ ተንሸራሸሩ። ዳኛው ሳይኖሩ ውሳኔውን ማሰማት ስለማይቻል፣ ቢያንስ ያሰቡበት ይምሰል ብለው ነው። ጁሪው ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሻልን ነጻ አወጣ። ችሎቱን ይከታተሉ የነበሩት ኤልዛቤት እያለቀሱ ወጡ። ትሩማን በዚያው ዓመት መጨረሻ የሲቪል መብት ኮሚቴ አቋቋሙ፤ በሐምሌ 1948 ደግሞ በጦር ኃይሉ ውስጥ የዘር መድልዎ እንዲቀር አዘዙ።

ዋሪንግ ቤታቸው ገብተው ማንበብ ያዙ። በስልሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ከባለቤታቸው ጋር፣ የስዊድናዊውን የጉናር ሚርዳልን ትልቅ ጥናትና ስለ ደቡብ የተጻፉ ሌሎች መጻሕፍትን አነበቡ። የኖሩበትን አገር እንደ አዲስ አገር አጠኑት ማለት ይቻላል። በችሎታቸውም ጥቁርና ነጭ ተለይቶ መቀመጡ ቀረ፤ የጁሪ ስም ዝርዝር ላይ ዘርን የሚለየው ምልክት ተነሳ።

ቀጥሎ የመጣው የምርጫ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1944 ጥቁሮችን ከፓርቲ ቅድመ ምርጫ ማግለል ሕገ ወጥ መሆኑን ወስኖ ነበር። ሳውዝ ካሮላይና ያደረገችው ብልጠት የሕግ ባለሙያን ያስደንቃል። ገዥው አስቸኳይ ስብሰባ ጠርተው ስለ ቅድመ ምርጫ የሚናገሩትን የግዛቲቱን ሕጎች በሙሉ ሻሩ። ሕግ ከሌለ መንግሥት የለበትም፤ መንግሥት ከሌለበት ዴሞክራቲክ ፓርቲ እንደማንኛውም የግል ክበብ አባሉን ይመርጣል የሚል ስሌት ነው። በዚያች ግዛት ደግሞ በቅድመ ምርጫ ያሸነፈ ዴሞክራት ዋናውን ምርጫ ያሸነፈ ያህል ነው። ጆርጅ ኤልሞር የተባሉ ጥቁር መራጭ ተከለከሉና ከሰሱ። ሐምሌ 12 ቀን 1947 ዋሪንግ ውሳኔያቸውን ሰጡ፤ ወረቀት በመቀየር እውነታው አይቀየርም፣ ባለ ሥልጣን የሚመረጥበት ድምፅ የክበብ ጉዳይ ሊሆን አይችልም የሚል ይዘት ነበረው። ግዛቲቱ ወደ ኅብረቱ የምትመለስበት ጊዜ መድረሱንም ጠቆም አደረጉ። ይህች የመጨረሻዋ ከፍርዱ ይልቅ አስቆጣች።

ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1948 አልነካውም። ፓርቲው ግን ሌላ ዘዴ አመጣ፤ ድምፅ ለመስጠት የሚፈልግ ሁሉ የዘር መለያየትን እንደሚደግፍ ይማል አለ። ዋሪንግ ይህንንም አገዱ። የመዝገብ ኃላፊዎቹን ትእዛዙን የጣሰ እንደሚታሰር አስጠነቀቋቸው። በነሐሴ 1948 ከ30 ሺህ በላይ ጥቁሮች ተሰልፈው ድምፅ ሰጡ።

የዕድሜ ልክ ሹመት ዳኛን ከሹመኛ ይጠብቀዋል እንጂ ከጎረቤት አይጠብቀውም። ዋሪንግና ኤልዛቤት በሚቲንግ ጎዳና ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ቀሩ። የልጅነት ጓደኞቻቸው መንገድ ሲያዩአቸው ይሻገራሉ፤ የእራት ጥሪ ቆመ፤ ስልኩ የሚጮኸው ለስድብ ነው። ቤታቸውን ለጥቁር እንግዶች ከፈቱ፤ ይህም ሌላ ቁጣ ወለደ። ኤልዛቤት በጥር 1950 በጥቁር ሴቶች ማኅበር ተጋብዘው በከተማዋ ነጮች ላይ የሰላ ንግግር አደረጉ። ዳኛው ከሥልጣን እንዲነሱ ፊርማ ተሰበሰበ። የግዛቲቱ ምክር ቤት ውስጥ ባልና ሚስቱ ግዛቲቱን ለቀው የሚሄዱበት፣ መመለሻ የሌለው ቲኬት በመንግሥት ገንዘብ ይገዛላቸው የሚል ሐሳብ ቀረበ። በዚያው ዓመት ቤታቸው አጠገብ መስቀል ተቃጠለ። በጥቅምት አንድ ምሽት ካርታ እየተጫወቱ ሳሉ የኮንክሪት ስባሪ መስኮታቸውን ሰብሮ ገባ። ከዚያ በኋላ የፌዴራል ጠባቂዎች ተመደቡላቸው።

በዚህ መካከል ነው የክላሬንደን አውራጃ ጉዳይ የደረሰው። ነገሩ የተጀመረው በአውቶቡስ ነው። በአውራጃው ለነጭ ተማሪዎች 30 አውቶቡሶች ሲኖሩ ለጥቁሮቹ አንድም አልነበረም፤ ሕፃናቱ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይሄዳሉ። በ1949–50 የትምህርት ዘመን አውራጃው ለአንድ ነጭ ተማሪ 179 ዶላር፣ ለአንድ ጥቁር ተማሪ 43 ዶላር ያወጣ ነበር። ፓስተር ጆሴፍ ዴሌን ወላጆችን አስተባበሩ። ከፈረሙት አንዱ ሃሪ ብሪግስ የነዳጅ ማደያ ሠራተኛ ናቸው። ከሥራ ተባረሩ፤ ባለቤታቸው ኢላይዛም እንዲሁ። ክሱ በስማቸው ተከፈተ።

ማርሻል ያቀረቡት ክስ ጥንቃቄ የተሞላበት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1896 ተለያይቶ እኩል መሆን ይቻላል ብሎ ስለወሰነ፣ እኩል አልሆንም፣ ትምህርት ቤቶቻችን ይስተካከሉልን የሚል ነው። ዋሪንግ ብቻቸውን ቢያዩት ያሸንፋሉ፤ ፍርዱም እንደ ቀድሞዎቹ ይጸናል። ኅዳር 17 ቀን 1950 በቅድመ ክርክር ቀጠሮ ላይ ግን ዳኛው ማርሻልን ሌላ መንገድ አሳዩአቸው። መለያየቱ ራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል ክስ ይዘው እንዲመጡ ገፋፏቸው። እንዲህ ያለ የግዛትን ሕግ የሚያፈርስ ክስ በሕጉ መሠረት በሦስት ዳኞች መታየት አለበት። ሁለቱ ዳኞች እነማን እንደሚሆኑ፣ ምን እንደሚወስኑም ዋሪንግ ያውቃሉ። እንደሚሸነፉ ያውቃሉ ማለት ነው። ነገር ግን ከሦስት ዳኞች ችሎት የሚነሳ ይግባኝ መሐል ላይ ሳይቆም በቀጥታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይገባል።

እዚህ ላይ የሕግ ባለሙያ አንባቢ ቅንድቡን ቢያነሳ አይፈረድበትም። በእኛ ችሎት ዳኛ ለአንዱ ወገን ጠበቃ ክስህን እንዲህ አድርገህ አሻሽል ቢለው ሌላው ወገን ዳኛው ይነሱልኝ ብሎ ማመልከቱ አይቀርም። ዋሪንግ በዚህ ጊዜ በአደባባይም ስለ ዘር መለያየት ይናገሩ ነበር፤ ጉዳዩ ደግሞ እሳቸው ፊት ነው። በዚህ ረገድ የተቃዋሚዎቻቸው ቅሬታ ሁሉ ከንቱ አልነበረም። ገለልተኝነታቸውን ሸርፈዋል ብዬ አምናለሁ። በሌላ በኩል በዚያ ችሎት የገለልተኛነት ስም ይዘው የተቀመጡት ሌሎቹ ዳኞች ለማን እንደሚያደሉ ማንም ጠይቆ አያውቅም ነበር። ከሦስቱ አንዱ የነበሩት ዳኛ ጆርጅ ቤል ቲመርማን የመለያየት ደጋፊነታቸውን ማንም የሚያውቀው ነው።

ግንቦት 28 ቀን 1951 ጠዋት የክላሬንደን ጥቁር ገበሬዎች ሌሊት ተነስተው ቻርልስተን ፍርድ ቤት ደረሱ። ችሎቱ ሞላ፤ ኮሪደሩና ደረጃው ሞላ። የግዛቲቱ ጠበቃ ሮበርት ፊግ ሲጀምሩ ያልተጠበቀ ነገር አደረጉ። ትምህርት ቤቶቹ እኩል አለመሆናቸውን አመኑ፤ ለማስተካከል ጊዜ ብቻ ጠየቁ። በአንድ አረፍተ ነገር የከሳሾቹን ግማሽ ማስረጃ ዋጋ አሳጡት። ማርሻል ግን ዋናው ማስረጃ ነበራቸው። የሥነ ልቦና ሊቁ ኬኔት ክላርክ ለ16 የክላሬንደን ጥቁር ሕፃናት ነጭና ቡናማ አሻንጉሊቶች አሳይተዋቸው ነበር። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቆንጆው ነጩ ነው ብለው መርጠዋል። ክላርክ ይህን ለዳኞቹ አስረዱ።

በሰኔ ውሳኔው ተሰጠ፤ ሁለት ለአንድ። የችሎቱ መሪ ጆን ፓርከርና ዳኛ ቲመርማን ትምህርት ቤቶቹ ይስተካከሉ፣ መለያየቱ ግን ይቆይ አሉ። ዋሪንግ ሃያ ገጽ ያህል የልዩነት ሐሳብ ጻፉ። ጉዳዩ የሕንፃና የአውቶቡስ አለመሆኑን፣ ሕፃናቱ የሚጎዱት በመለየታቸው እንደሆነ፣ መለያየት በራሱ እኩል አለመሆን ነው ሲሉ ደመደሙ። ትምህርት ቤትን በዘር መለየት በራሱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ የሚጽፍ የፌዴራል ዳኛ በዚያ ዘመን ብርቅ ነበር። የልዩነት ሐሳብ ሲጻፍ የሚያስፈጽመው የለም፤ አንድም ሕፃን በዚያ ወረቀት ምክንያት ትምህርት ቤት አልቀየረም።

የፌዴራል ዳኛ በሙሉ ደመወዝ ጡረታ የሚወጣው ሰባ ዓመት ሞልቶት አሥር ዓመት ሲያገለግል ነበር። ዋሪንግ ሰባ የሞላቸው በ1950 ነው፤ አሥር ዓመቱ የሞላው በጥር 1952። በየካቲት ወር ጡረታ ወጡ። ብዙም አልዘገዩም። ባልና ሚስቱ ዕቃቸውን ጭነው ኒውዮርክ ገቡ፤ ቻርልስተንም እፎይ አለች።

የብሪግስ መዝገብ ከካንሳስ፣ ከቨርጂኒያ፣ ከዴላዌርና ከዋሽንግተን ከመጡ አራት ጉዳዮች ጋር ተጣምሮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ታየ። ከአምስቱ ቀድሞ የደረሰው የክላሬንደኑ ቢሆንም ውሳኔው የሚታወቀው በካንሳሱ ከሳሽ በብራውን ስም ነው። ግንቦት 17 ቀን 1954 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ሲወስኑ፣ በመሠረቱ ያሉት ዋሪንግ ከሦስት ዓመት በፊት ብቻቸውን የጻፉትን ነው። የዚያን ምሽት በዳኛው የኒውዮርክ አፓርታማ ወዳጆች ተሰብስበው ደስታቸውን ገለጹ። ክላሬንደን ውስጥ ግን ደስታው ውድ ነበር። በ1955 የፓስተር ዴሌን ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፤ እሳቸውም ግዛቲቱን ጥለው ሸሹ። ብሪግስም ቤተሰባቸውን ለማስተዳደር ሥራ ፍለጋ ከግዛቲቱ ወጥተው መሥራት ግድ ሆነባቸው። እነዚህ ሰዎች የዕድሜ ልክ ሹመትም ሆነ ሙሉ ጡረታ አልነበራቸውም፤ ዋሪንግን ስናነሳ እነሱን መርሳት ተገቢ አይደለም።

ዋሪንግ ቻርልስተንን ለመኖር አልተመለሱባትም። በጥቅምት 1967 ማርሻል የመጀመሪያው ጥቁር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነው ሥራ ሲጀምሩ ለማየት ዕድሜ ሰጣቸው። ጥር 11 ቀን 1968 በሰማንያ ሰባት ዓመታቸው ኒውዮርክ ውስጥ አረፉ። ኤልዛቤትም በዚያው ዓመት ተከተሏቸው።

የብሪግስ ጉዳይ የተሰማበት የቻርልስተን ፍርድ ቤት አጠገብ በኋላ የተሠራ ሌላ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕንፃ አለ። የተሰየመው በግዛቲቱ የቀድሞ ገዥና ሴናተር በኧርነስት ሆሊንግስ ነበር። ሆሊንግስ ገና በሕይወት ሳሉ ስሜ ይውረድና የዳኛው ስም ይተካ ብለው ጠየቁ። ከፌዴራል ሕንፃ ላይ የራሱን ስም አስነስቶ የሌላ ሰው ያስጻፈ ፖለቲከኛ ብዙም አይታወቅም። በጥቅምት 2015 ሕንፃው ጄ. ዌይቲስ ዋሪንግ የፍትሕ ማዕከል ተባለ።